በጤዛ ያልተከተተው በርበሬ

ማንኩሳ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለሰብለ፤

የአባቶቻችን አምላክ በምትሄጂበት ሁሉ ቀድሞሽ ይሂድ። ከዚያ ከበረዶው አገር ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ አጎትሽ፣ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ስግደት ሲበዛ ነው፤ ስለዚህ አላማርርም።

ስልኩ እንደምታውቂው ነው፤ ሳምንት ቢሠራ ወር ይጠፋል። ይህን ወረቀት ሹፌሩ መልካሙ ጭነት ይዞ አዲስ አበባ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ያንቺንም መልስ እዚያው አሳትሞ በእጁ ያመጣልኛል። መንገድ ከተዘጋ ይዘገያል፤ ዘገየ ብለሽ አትስጊ።

የወለተ ጊዮርጊስን ሙት ዓመት ነሐሴ ላይ አወጣን። የላክሽው ገንዘብ ለጠላውም ለካህናቱም በቃ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ስምሽን ሳታነሣ እህል አትቀምስም ነበርና፣ እኔም ማዕዱ ሲባረክ አነሣሁሽ። እኅቴ ሞታ አንቺን በአራት ዓመትሽ ወደዚህ ቤት ሳመጣሽ የተቀበለችሽ እርሷ ናት። የወለደችሽም ያህል ነው የሄደችው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ዓመት ጥር ለሱቅሽ የላክንልሽ ዐሥራ ስምንት ኩንታል በርበሬ ነገር ነው። ዐሥሩ የእኔ፣ ከጎረቤቶቻችን አምስቱ የዘሩ፣ ሦስቱ የባንቺአየሁ ነበር። በኩንታል ሃያ ሺህ ብር ተነጋግረን «ሲሸጥ ይከፈላል» ብዬ በቃሌ ነው የወሰድሁት። እነሆ ዘጠኝ ወር ሆነ። ባንቺአየሁ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቷን ክዳን በቆርቆሮ ልትቀይር ታስባለች፤ አንድ ቀን ግን አልጠየቀችኝም። ዘሩ ሰላምታ ያበዛል። ታውቂዋለሽ፣ ዘሩ ሰላምታ ሲያበዛ ነገር አለው።

የእኔ ይቆይ። የሁለቱን ብቻ ብትልኪልኝ አንገቴ ይቀናል። በርበሬው እንደሆነ አያሳፍርሽም፤ አንድ ዛላ ሳይሰበር ነው ጆንያ የገባው። መልካሙ ሲጭን እንኳ «አባባ፣ ይህማ ለሙሽራ የተለቀመ ነው» ብሎኝ ነበር።

በጸሎት የማስብሽ፣
ይርሳው


ኤድመንተን፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ይርሳው፣ እንደ አባትም እንደ እናትም ሆነው ላሳደጉኝ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎንም ለስግደቱ ያበርታልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው። በዕረፍት ሰዓቴ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቆሜ አነበብኩት። የእማማን ስም ሳይ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ንግዱ በዚህ ዓመት ቀዝቅዟል። ዝርዝሩን በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ለጊዜው ስምንት ሺህ ብር በመልካሙ በኩል ልኬያለሁ፤ ለባንቺአየሁ ይስጡልኝ። ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ጊዜ በርበሬው ሲከተት ዝናብ ነክቶት ነበር? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ዘንድሮ ደግሞ ለእኔ ብለው ከሰው እንዳይሰበስቡ።

ልጅዎ ሰብለ


ማንኩሳ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ፤

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለልደቱ ያድርሰን፤ ሰላሙን ካንቺ አያርቅብሽ።

ስምንቱን ሺህ ለባንቺአየሁ ሰጠኋት። ቆጥራ መቀነቷ ላይ ቋጠረችና «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጅቱ ደኅና ናት ወይ?» አለችኝ። ደኅና ናት አልኋት። «እንግዲያው ይህን ብቻ ለምን ላከች?» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ጥያቄዋ ገንዘቡ ለምን አነሰ ማለት መስሎኝ ተከፋሁ። በኋላ ሳስበው ግን ያዘነችው ላንቺ ነው።

ዘሩ እንደ እርሷ አይደለም። ቅዳሜ ጅጋ ገበያ በሰው ፊት «አያ ይርሳው፣ ልጅዎ በርበሬውን በፍሬ እየቆጠረች ነው እንዴ የምትሸጠው?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ስለ ዝናቡ መጠየቅሽ ገርሞኛል። በጥር ወር? ከአገሩ ከወጣሽ ስንት ዓመትሽ ነው? አንዲት ጠብታ ዝናብ አልነካውም፤ ይህን በመስቀል ፊት እናገራለሁ። የዘንድሮውም እየደረቀ ነው፤ ስድስት ኩንታል ይወጣዋል። ላንቺ አልልክም፣ እሺ። ዋጋ እስኪወጣ ጎተራው አጠገብ ይቆያል።

ግማሹን መላክ ካቃተሽ ሲሶውን ላኪ። ሲሶውም ካቃተሽ መቼ እንደሚሆን ብቻ ጻፊልኝ፤ ለሰው የምነግረው ቀን ይኑረኝ።

አጎትሽ ይርሳው


ኤድመንተን፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ ይህን ተቀምጠው ያንብቡት።

በቅድሚያ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ቀን ጻፊልኝ ብለውኛል። ቀን የለኝም። ሱቁ ከተዘጋ ስድስት ወሩ ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ተጣለ፤ የባንኩ ብድርና የክሬዲት ካርዱ ዕዳ ግን ቀረ። ስልሳ ሁለት ሺህ የካናዳ ዶላር ነው። በብር አላሰላሁትም፤ እርስዎም አያስሉት። ቀን አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ መጋዘን እገባለሁ፤ የምከፍለው ወለዱን ብቻ ነው።

እዚህ አገር ዕዳው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው መክሰሩን በሕግ ማሳወጅ ይችላል። መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ባለአደራ የሚባል ሰው አለ። እርሱ ዘንድ ሄዶ ያለውን ንብረት፣ ገንዘብ የሚፈልጉበትንም ሰዎች ሁሉ በመሐላ ያስመዘግባል። ከዚያ ማንም ደጁን አያንኳኳም። የታዘዘውን ከፈጸመ በወራት ውስጥ ዕዳው ይሰረዝለታል። ለብዙ ዓመት ግን የሚያምነው አበዳሪ አያገኝም።

የእኔ ባለአደራ አንዲት ሴት ናት፤ እርጋታዋ የደብራችንን የኔታ ቴዎፍሎስን ያስታውሰኛል። «ዘመድ ቢሆንም፣ ባሕር ማዶ ቢሆንም፣ አንድ ሰው ከዝርዝሩ አይቀርም» አለችኝ። ስለዚህ የእርስዎም ስም ገብቷል፤ አራተኛው ላይ ነው። ገጹን አያይዤ ልኬያለሁ። ከስምዎ ፊት ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ብር የሚል አለ፣ የላክሁት ስምንት ሺህ ተቀንሶ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ሺህ። ትክክል መሆኑን አረጋግጠው ይጻፉልኝ።

የባንኩን ልፈርም እችላለሁ። የእርስዎን እንዲሰረዝ እንዴት እፈርማለሁ? ካልፈረምኩ ደግሞ ከግንቦት መግቢያ ጀምሮ ደመወዜን በፍርድ ሊይዙት ነው። ሴትዮዋ እስከዚያ ወስኚ ብላኛለች። እርስዎ አይሆንም ካሉኝ አልፈርምም። ዘጠኝም ዐሥርም ዓመት ይፍጅ፣ እየሠራሁ እከፍላለሁ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰብለ


ማንኩሳ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብለ ሆይ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን መልካሙ የሰጠኝ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ተቀመጡ ብለሽ የጻፍሽውን ያነበብሁት ቆሜ ነበር። ሰው ሰላም ሲለኝ አልመለስሁም አሉ፤ ቤቴ እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም።

እኔ ሞኙ የምንከስረው እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በረዶ ያጠፋው፣ ተምች የበላው፣ በሬው ገደል የገባበት ሰው ይከስራል። ካናዳ ያለ ሰው ይከስራል ብሎ ያስተማረኝ የለም። ስድስተኛ ክፍልና ዳዊት ነው የእኔ ትምህርት።

አያቴ ቁራኛ የሚባለውን አይተዋል። ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩና ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። «ማን ማንን እንደያዘ እኮ ከሩቅ አይለይም» ይሉ ነበር። በእኛ ዘር የተበደረውን የካደ የለም፤ አያቴ በሬያቸውን ሸጠው የሞተ ወንድማቸውን ዕዳ ከፍለዋል። አንቺ በወረቀት ይሰረዝልኛል ስትዪ አጥንቴ ነው የደነገጠው።

በሦስተኛው ቀን የኔታ ቴዎፍሎስ ዘንድ ሄድሁ፤ ስምሽን ግን አልጠራሁም። ሰው ዕዳውን በመንግሥት ሕግ ቢያሰርዝ ኃጢአት ይሆንበታል ወይ አልኋቸው። ድጓቸውን ከደኑና «በኦሪት በሰባተኛው ዓመት ባለገንዘብ ሁሉ ይተው ተብሏል። የታዘዘው ግን ባለገንዘቡ ነው። እና አንተ የመጣኸው የማንን ነፍስ ይዘህ ነው? የተበደረውን ነው፣ ያበደረውን?» አሉኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እርሳቸውም አልጨቀጨቁኝም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ተጣለ ብለሽ አለፍሽው። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የከተትሁት በርበሬ ነው። እንዴት ተበላሸ? ማን አበላሸው? መርከቡ ነው? የሸሸግሽኝ ነገር አለ። ለዘሩና ለባንቺአየሁ የምናገረው እውነት ያስፈልገኛል።

በወለተ ጊዮርጊስ አጥንት ይዤሻለሁ፤ የሆነውን ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እስከዚያ አትፈርሚ።

ይርሳው


ኤድመንተን፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

በእማማ አጥንት ባይዙኝ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

በርበሬው ወደብ ሲደርስ ለምርመራ ናሙና ወሰዱ። ውስጡ ሻጋታ ተገኘበት፤ ሻጋታውም ጉበት የሚጎዳ መርዝ እንዳለው በላቦራቶሪ ታየ። ዐሥራ ስምንቱም ኩንታል እንዲወገድ ታዘዘ። የማከማቻውንም የማስወገጃውንም ወጪ እኔ ከፈልኩ። ብድሩን የወሰድኩት ለዚያ ጭነት ነበር።

መርማሪው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ከመታሸጉ በፊት ውኃ ተረጭቶበታል?» እኔም «በጭራሽ። የእኛ ቤት በርበሬ ውኃ አይነካውም፤ ያሳደጉኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ» አልኩት። ልጅ ሳለሁ እማማ ወፍ ሳይንጫጫ ቀስቅሳን፣ በርበሬው የሌሊቱን ጤዛ ጠጥቶ እንደ ጨርቅ ሲለሰልስ እንከት እንደነበር ነገርኩት። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጆንያ ማስነካት ክልክል ነበር። ሰውዬው ትሑት ነው፤ ጻፈልኝ። የእርጥበቱ ልክ ግን እንደዚያ አይልም አለኝ።

እኔ ዝናብ ይሆናል ብዬ ጠየቅሁዎት። አልነካውም አሉኝ፤ አምኜዎታለሁ። እንግዲህ መንገድ ላይ ይሆናል።

ሰብለ


ማንኩሳ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ፤

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን። ብርሃኑ ላንቺም ይብራልሽ። ሰላምታዬን ከዚህ አላስረዝምም፤ ላቆይብሽ አልፈልግም።

መንገድ ላይ አይደለም። እኔ ነኝ።

ዝናብ አልነካውም ብዬ በመስቀል ፊት ተናገርሁ፤ ዝናብ አልነካውም። ውኃ ብትዪኝ ኖሮ ምን እል እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ያን ጊዜም ሌላ ቀዳዳ እፈልግ ነበር። ይህን ራሴን ስጠይቅ ሰነበትሁ።

ወለተ ጊዮርጊስ ካረፈች በአምስተኛው ወር ነበር። የቀሰቀሰኝ ሰው አልነበረም ብል ሰበብ ነው፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ በዚያ ሰዓት ነቅቼ ነው የምጋደመው። እርሷ ትወጣበት የነበረውን በር ከፍቼ ወደ አውድማው መውጣት አቃተኝ። በዚያ ሰዓት አውድማው የእርሷ ነበር። ስለዚህ የእኔንም የሁለቱንም በቀትር ከተትሁት። ዛላው ደርቆ በእጄ ይሰባበር ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚያደርገው ቅጠል እየነከርሁ ውኃ ረጨሁበት፤ እሺ አለኝ፣ ለሰለሰ። አንድ ዛላ ሳይሰበር ያልሁሽ ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ሳልረጨው ስመዝነው የእኔው ዘጠኝ ኩንታል ከጥቂት ኪሎ ነበር። ከረጨሁት በኋላ ዐሥር ሞላ። አየሁ፤ ደስም አለኝ። ውኃውን ለገዛ ልጄ በኪሎ ሸጥሁላት። ይህን መጀመሪያ ለንስሐ አባቴ፣ አሁን ላንቺ ነገርሁ።

ደብዳቤሽን ያነበብሁ ዕለት የዘንድሮውን ስድስት ኩንታል ጆንያ ፈታሁ። እርሱንም ረጭቼው ነበር። ላዩ ቀይ፣ የሚያበራ ቀይ። አንዱን ዛላ ሰበርሁት፤ ውስጡ አመድ ነው። ሌላ ሰበርሁ፣ አመድ። ሁለተኛውን ጆንያ ፈታሁ። መሬት ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ ስሰብር ዋልሁ፤ ጣቴ ይቃጠል ነበር፣ አልተሰማኝም። ይህን ነው እንግዲህ አገሩ ሁሉ ስንት ዓመት ገበያ ሲያወጣ የኖረው? ማን በላው? የማን ልጅ በላው?

የንስሐ አባቴ «ለእኔ የነገርኸኝን ለተበደሉት ንገር» አሉኝ። ባለፈው ሳምንት በፋሲካ ማግስት ከቅዳሴ በኋላ ዘሩንና ባንቺአየሁን ከደብሩ ዛፍ ሥር ጠራኋቸው። የኔታ ቴዎፍሎስም ቆሙ። ሁሉንም ተናገርሁ፦ በርበሬው እንደተወገደ፣ ሱቅሽ እንደተዘጋ፣ ያጠፋው የእኔ እጅ እንደሆነ። ሁለቱ ያስረከቡት ለእኔ እንጂ ላንቺ አይደለምና ከሳሪዋ ሰብለ ብትሆንም ከፋዩ እኔ ነኝ አልኋቸው።

ይጮሁብኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ዘሩ ጋቢውን አስተካከለ። ከዚያ «አያ ይርሳው፣ ውኃ የማይረጭ ማን አለና ነው? እኔም እኮ ቤቴ ረጭቼ ነው ያመጣሁልዎ» አለ።

ሁላችንም አፍጥጠን አየነው። እርሱ በረጨው ላይ እኔ ደግሜ ረጨሁበት ማለት ነው። የኔታ እንኳ መቋሚያቸውን አዘነበሉ።

ባንቺአየሁ ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና «የእኔ ደረቅ ነበር» አለች። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ውኃ የሚቀዳልኝ የለም፤ ለበርበሬ የማጠጣው ከየት አመጣለሁ? ስለዚህ መጀመሪያ የእኔ ይከፈል።»

ዘሩ ሣቀ፤ ሣቁ ግን የጅጋው ዓይነት አልነበረም። ገንዘቤን አልተውም አለ፣ ደግሞም ከአምስቱ ኩንታል አንዱን ይቀንሱልኝ፣ እርሱ ውኃ ነው አለ። ቀነስሁለት።

ቀዩን በሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ አውጥቼ ሸጬዋለሁ። የባንቺአየሁ ሞልቷል፤ ቆርቆሮው ተገዝቷል። የታችኛውን ማሳ ለሁለት ዓመት አከራይቼ ለዘሩ እከፍላለሁ። አትዘኚልኝ። አንዱ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ይጠመዳል። ስድስቱን ኩንታል ልናቃጥል ስንል ዘሩ ጭሱ አገር በሳል ይጨርሳል አለ፤ ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። የቆፈረውም እርሱ ነው፤ የራሱንም ሁለት ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። ስሜንና ልኩን አረጋግጥ ብለሽኛል። ያቺ ባለአደራ ሴት ያለ መሐላ አይሆንም ብላለችና ሐሰት እንዳትምዪ እውነቱን ራሴ ጽፌ በዚሁ አያይዤዋለሁ። የኔታ አንብበውታል፣ ባንቺአየሁና ዘሩ በጣታቸው ፈርመዋል፣ የደብሩ ማኅተም አርፎበታል። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ይርሳው ከሰብለ የምፈልገው ገንዘብ የለም። የሸጥሁላት በርበሬ በእጄ ውኃ የተረጨበት ነበር። እርሷ አላወቀችም። ሁለቱ ጎረቤቶቼ ያላቸው ከእኔ ጋር ነው እንጂ ከእርሷ ጋር አይደለም።»

ለዚያም መርማሪ አሳዪው። ያሳደጉኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ ብለሽ ምለሽልኛልና፣ ቃልሽ በእኔ ምክንያት ሐሰት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ወለተ ጊዮርጊስን ግን ልክ ነው ያወቅሻት።

የባንኩን ሕጉ ከፈቀደልሽ ፈርሚ። ከአያቴ በሬ ጋር ያወዳደርሁብሽን ተዪው፤ የኔታ ማንን ይዘህ ነው የመጣኸው ሲሉኝ ነበር መመለስ የነበረብኝ። በዚያ ሰንሰለት የታሰርነው ሁለታችን ነን፤ ቁልፉ ግን እኔ እጅ ነበር።

ዘሩ በጥር ማን ይቀሰቅሰናል ብሎ ጠይቆኛል። እኔ አልሁት። እግዚአብሔር ለዚያ ካደረሰኝ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥቼ የእርሷን በር ከፍቼ እወጣለሁ። ጤዛ ካለ በጤዛ እከታለሁ። ጤዛ ከሌለም ዛላው ይሰበር።

አጎትሽ፣ ባለዕዳሽ፣
ይርሳው